ይድረስ ለአባባ፦ ስለ ማሙሽ ጨዋታ

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሲልቨር ስፕሪንግ ሞቋል። ቀኑም ረዝሟል፤ ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ ማታ 2 ሰዓት ተኩል ነው።

ዛሬ የምጽፍልዎት ስለ ልጅ ልጅዎ ስለ ማሙሽ ነው። እሁድ እሁድ ሲደውሉ "ስንት ጎል አገባህ?" ይሉታል። እሱ ደግሞ መልሱ ይጠፋውና ስልኩን ለእኔ ይሰጠኛል። ያኮረፈ እንዳይመስልዎት። እሱ የሚጫወተው ቤዝቦል ነው፤ ጎል የሚባል ነገር የለውም። ማክሰኞ ማታ ከጨዋታ ስንመለስ መኪና ውስጥ ሆኖ "አባባ ሲደውል ምን ልበለው?" አለኝ። አንጀቴን በላው። ስለዚህ ነገሩን እኔው ላስረዳዎት።

መቺው ዱላ ይዞ ይቆማል። ወርዋሪው 14 ሜትር ያህል ርቆ ኳሷን ወደ እሱ ይለቃታል። ኳሷ በትክክለኛው ቦታ፣ ከጉልበቱ ከፍ ከደረቱ ዝቅ ብላ ከመጣች መምታት አለበት። ዝም ቢላትም ይቆጠርበታል፤ ስትራይክ ይሉታል። ሦስት ስትራይክ ከሆነበት ይወጣል። ከቦታዋ ውጭ የመጣችውን ግን መተው ነው የሚሻለው። አራት መጥፎ ኳስ ሳይነካ ካሳለፈ፣ ሳይመታም ወደ መጀመሪያው ቤዝ፣ ሜዳው ላይ ሯጩ ወደሚያርፍበት ምልክት፣ ይሄዳል። ቤዞቹን ዞሮ ወደተነሳበት የተመለሰ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያገኛል። ሰዓት የሚባል ነገር የለም። በማሙሽ ዕድሜ 6 ዙር ይጫወታሉ፤ እስኪያልቅ መቀመጥ ነው።

የልጆቹ ውድድር ሊትል ሊግ ይባላል። በ1939 እ.ኤ.አ. ካርል ስቶትዝ የሚባል ሰው ፔንሲልቬንያ ውስጥ፣ ዊልያምስፖርት ከተማ ነው የጀመረው። ዛሬም የሚሠራው በወላጆች ጉልበት ነው። የማሙሽ አሰልጣኝ ቀን ቀን ቧንቧ ይጠግናል፤ ማታ ሜዳውን ራሱ ይጠርጋል። እኔም ማክሰኞ ፈረቃዬን ተቀያይሬ ስደርስ፣ ወንበሬን ገና ሳልዘረጋ መቁጠሪያ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ።

የምቆጥረው የወርዋሪዎቹን ኳስ ነው። የ10 ዓመት ልጅ በአንድ ቀን ከ75 ኳስ በላይ እንዲወረውር አይፈቀድም፤ ክንዱ ይጎዳላ። ከ65 በላይ ከወረወረ አራት ቀን ያርፋል። አባባ፣ ይህን ሕግ በጣም ነው የወደድኩት። ልጅ ማሸነፍ ሲያምረው ሕመሙን ይደብቃል። ትልቅ ሰው ሊቆጥርለት ይገባል።

የሌላኛው ቡድን ወርዋሪ ሹሩባ የተሠራች ቀጭን ልጅ ነበረች። ሊትል ሊግ ለሴቶች በሩን የከፈተው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት እሷን የመሰለች ልጅ አጥር ጥግ ቆማ ነበር የምታየው። እጇ ፈጣን ነው።

ሦስተኛው ዙር ላይ ማሙሽ ሁለት ስትራይክ ተቆጠረበት። አንድ ካመለጠው ወጣ ማለት ነው። ልጅቷ ከቦታዋ ውጭ የሆነች ኳስ ወረወረችለት፤ ተዋት። ደገመችለት፤ ተዋት። አራተኛዋን መጥፎ ኳስ ሲያሳልፍ ዱላውን መሬት ላይ አስቀምጦ እየሮጠ ሄደ። በኋላም ዞሮ ገባና ነጥብ አገኘ። የኮራሁበት በዚያ ነው። ቤት ውስጥ ወጡ እስኪበስል እንኳን የማይታገሥ ልጅ መሆኑን ያውቃሉ።

መጨረሻው ዙር ላይ በአንድ ነጥብ እየተመሩ ተራው ደረሰው። ሁለት ልጆች ወጥተዋል፤ እሱ ከወጣ ጨዋታው ያበቃል። የመጀመሪያዋን ሳታት። ሁለተኛዋንም ሳታት። ሦስተኛዋ ጉልበቱ አካባቢ ዝቅ ብላ መጣች፤ መጥፎ ናት ብሎ ተዋት። ዳኛው ስትራይክ አለ። መቁጠሪያውን የተጫንኩት እኔ ነኝ። የልጄን መውጣት በገዛ እጄ ቆጠርኩ። ሮጬ ሄጄ ላቅፈው ፈልጌ ነበር፤ ግን ጓደኞቹ ቀደሙኝ። እየመጡ ሄልሜቱን መታ መታ አደረጉለት። የጮኸበት ወላጅ የለም። እርስዎ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" የሚሉት ትዝ አለኝ።

ደግሞስ ቤዝቦል ውስጥ ከ10 ጊዜ ሦስቱን አሳምሮ የሚመታ ሰው ጎበዝ ይባላል። ቴድ ዊልያምስ የሚባል የቦስተን ተጫዋች በ1941 እ.ኤ.አ. ከ10 ከአራት ትንሽ ከፍ አደረገው። በሁለቱ ትልልቅ የቤዝቦል ሊጎች፣ በአሜሪካን ሊግም ሆነ በናሽናል ሊግ፣ ከእሱ ወዲህ እዚያ የደረሰ የለም። ሳይመታ መመለስ እዚህ ጨዋታ ውስጥ የዘወትር ነገር ነው። ለማሙሽ ነግሬዋለሁ። ከእርስዎ ቢሰማው ግን ሌላ ነው። እናቱማ ምንጊዜም አይዞህ ባይ ናት።

እና እባክዎ አባባ፣ እሁድ ሲደውሉ "ስንት መጥፎ ኳስ አሳለፍክ?" ብለው ይጠይቁት። ያኔ አማርኛውም ይፈታል፤ ስልኩንም አይሰጠኝም። ከዚያ ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ በገና ሰሞን ጥንግ ሲመቱ የነበረውን ይንገሩት። እሱ አያቱ ዱላ ይዞ ኳስ ያባረረ ሰው መሆኑን አያውቅም። የሳቱትንም ጭምር ይንገሩት፤ አይዝለሉበት።

የሚቀጥለው ጨዋታ ቅዳሜ እዚህ ጠዋት 4 ሰዓት ነው። እናንተ ጋ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ይሆናል። ኔትወርክ ካለ በቪዲዮ አሳይዎታለሁ፤ ስልክዎን ቻርጅ ያስደርጉት። ማሊያው ላይ ቁጥር ሁለት ያለበት ልጅ ላይ ዓይንዎን ይጣሉ፤ ማሙሽ እሱ ነው። እማማን ሳሙልኝ። መድኃኒትዎን ደግሞ እንዳይረሱ።

ናፋቂ ልጅዎ