ፉዝህ አሁንም እኔ ጋ ነው

ይድረስ ለምወድህ ወዳጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ደህና ነኝ። ለረጅም ጊዜ ጠፋሁብህ፤ ይቅር በለኝ። ዝምታ ሲረዝም መጻፉ ያሳፍራል፣ ሲያሳፍር ደግሞ ዝምታው ይብስ ይረዝማል። ስንገናኝ አፍህ እስኪደክም ትወቅሰኛለህ፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ እሰማሃለሁ። ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ ግን ፉዝህ ነው፤ ያ የጊታርን ድምፅ የሚያሻክረው፣ በእግር የሚረገጠው፣ በእጅህ የሠራኸው ፔዳል።

ሳስቀምጠው ባትሪውን አውጥቼ በጨርቅ ጠቅልዬው ስለነበር ዝገት አልነካውም። አሁን ያ ዘፈን ሊቀዳ ነው። አዎ፣ ራሱ። ከመካከሉ ያለውን ቦታ በሌላ ፉዝ ሞክሬዋለሁ፤ ድምፁ ይወፍራል እንጂ አያለቅስም። ያንተው ካልገባበት ልቤ አልቀበል ብሏል።

ፔዳሎቹን አንድ ሰሌዳ ላይ ደርድሬያቸዋለሁ፦ ድምፁን የሚያጎላውና የሚያሻክረው ኦቨርድራይቩ፣ ድምፁን አዘግይቶ የሚደግመው ዲሌዩ፣ እንደ ሰፊ አዳራሽ የሚያስተጋባው ሪቨርቡ። ሁሉም ኃይል የሚያገኙት ከአንድ አዳፕተር በሚወጣ ባለብዙ ራስ ገመድ ነበር። ታዲያ ኦቨርድራይቩን በረገጥኩ ቁጥር ከጊታሩ በላይ የሚሰማ ቀጭን ፉጨት ይነሣል። መጀመሪያ ጊታሩን ከአምፕሊፋየሩ ጋር በቀጥታ አገናኘሁት፤ ጸጥ አለ። ቀጥዬ ፔዳሎቹን አንድ በአንድ እየጨመርኩ አዳመጥኩ። አጫጭሮቹን ገመዶችም ጫፋቸውን እየነቀነቅሁ ፈተሽኩ፤ እንደምታውቀው ከአሥር ብልሽት ዘጠኙን የምታሳብበው በእነርሱ ላይ ነበር፣ ብዙ ጊዜም እውነት ይወጣልሃል። በዚህ ጊዜ ግን ንጹሖች ናቸው።

የረዳኝ ድምፁን ለይቶ መስማት ነው። ከመብራት መስመር የሚመጣው ሁካታ ወፍራም ጉምጉምታ ነው፤ መስመሩ በሰከንድ 50 ወይም 60 ጊዜ ስለሚመላለስ ድምፁ ከዚያ ወይም ከእጥፉ አይርቅም። ጊታሩን ይዘህ ስትዞር የሚቀንስና የሚጨምር ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የፔዳል አይደለም፤ የጊታሩ ፒክአፕ፣ ማለትም የክሮቹን ንዝረት የሚቀበለው ማግኔት፣ ነው ሁካታውን የሚለቅመው። የእኔው ግን ብዞርም ብቀመጥም ያው ቀጭን ፉጨት ነው። እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዲጂታል ፔዳል ነው። በዲሌዩ ውስጥ ያለው ሰዓት ቆጣሪ የሚረጨው የድምፅ ቆሻሻ በጋራው የኃይል ገመድ ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል፤ ኦቨርድራይቩም ያገኘውን ሁሉ ማጉላት ሥራው ነውና ፉጨቱን ያጎላዋል። ይህን ያረጋገጥኩት የኦቨርድራይቩን መሰኪያ ነቅዬ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ስሰጠው ነው። ፉጨቱ በዚያው ቅጽበት ጠፋ። ደስታዬን ላካፍለው የምችል ሰው አጠገቤ አልነበረም፤ ያን ጊዜ ነው ደብዳቤ ልጻፍለት ያልኩት።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ መውጫው ከሌላው የተለየ የኃይል ሣጥን አስገባሁ። በውስጡ ለየመውጫው የራሱ ጥቅል ሽቦ ያለው ትራንስፎርመር ነው፤ ስለዚህ የአንዱ ቆሻሻ ወደ ሌላው አይፈስም። አሁን ሰሌዳው ሲበራ የፔዳሎቹን መብራት ካላየህ መሥራቱን እንኳ አታውቅም። ስለ አዳፕተር ራስ አንተ «ጉድጓዱ ውስጥ ከገባ ይሠራል» ትል ነበር፤ ወዳጄ፣ ጉድጓዱ ሁሉንም ያስገባል እኮ! አብዛኛው ሠሪ የፔዳል ሠሪውን የቦስን መንገድ ተከትሎ 9 ቮልት ቀጥተኛ ፍሰት (ዲሲ)፣ የመሰኪያው መሐል ኔጋቲቭ ያደርገዋል እንጂ ሁሉም እንደዚያ አይደለም። ያ የምትወደው አረንጓዴው የላይን 6 ዲሌይ፣ የመጀመሪያው ዲኤል4፣ የሚፈልገው 9 ቮልት ተለዋዋጭ ፍሰት (ኤሲ) ነው። ቮልቱና አቅጣጫው ልክ መሆን አለባቸው፤ የፍሰቱ መጠን፣ ሚሊአምፔሩ፣ ግን ቢተርፍ ጉዳት የለውም፤ ፔዳሉ የሚበቃውን ብቻ ይወስዳልና። ኦቨርድራይቩ 10 ሚሊአምፔር እንኳ አይሞላም፣ ሪቨርቡ ግን ብቻውን ወደ 300 ይጠጋል። ያነሰ ከሰጠኸው አይቃጠልም፤ ያነክሳል፣ ራሱን እያጠፋ ያበራል፣ አንተም ተበላሸ ብለህ ትከፍተዋለህ።

እሺ፣ ወደ ፉዝህ ልምጣ። ዙሪያውን እየዞርኩ እንደሆነ ይገባሃል።

ከፈትኩት። ከመክፈቴ በፊት ብዙ አመነታሁ፤ የሰው ደብዳቤ የመክፈት ያህል ነው የከበደኝ። ብየዳህ ዛሬም ያበራል። ክዳኑ ውስጥ በእርሳስ የጻፍከውንም አየሁት። ስለእርሱ... በቃል ይሻላል፤ በወረቀት አልችለውም።

መልቲሜትሩን ይዤ ብለካ የባትሪው ቀይ ገመድ ከሣጥኑ ጋር የተገናኘ ነው። ጀርማኒየም ትራንዚስተሮችህ ፒኤንፒ የሚባለው ዓይነት ናቸው ማለት ነው፤ በ1966 እንደወጣው ፉዝ ፌስ እንደተባለው ፔዳል የመጀመሪያ ሥሪት፣ ግራውንዱ (ከሣጥኑ ጋር የሚገናኘው የጋራ መስመር) ፖዘቲቭ። ይህን ሳላውቅ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ባለብዙ ራስ ገመድ ቢገናኝ ምን ሊሆን እንደሚችል አስበው። የሌሎቹ ግራውንድ ኔጋቲቭ ነው፣ የአንተው ፖዘቲቭ፤ ሁለቱ ደግሞ በጊታር ገመዱ መሸፈኛ በኩል ይገናኛሉ። አዳፕተሩ ራሱን በራሱ ሾርት ያደርጋል። ከተለየ መውጫ ግን፣ አቅጣጫውን በሚገለብጥ ገመድ፣ ያለ ስጋት መሥራት ይችላል፤ መውጫው ከማንም ጋር አይጋራማ።

ችግሩ አንተ ለባትሪ ብቻ ነው የሠራኸው፤ የአዳፕተር ጃክ የለውም። ለጊዜው ተራውን የዚንክ ካርቦን ባትሪ አስገብቼ ስመታው... አሁንም ያለቅሳል። ይህን እንድታውቅ እፈልጋለሁ። ጊታሩን ከነቀልኩ በኋላም ገመዱን ከመግቢያው ማውጣት አልረሳም፤ ባትሪውን የሚያበራው መሰኪያው ራሱ መሆኑን ያስተማርከኝ አንተ ነህ።

ሆኖም አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ክፍሉ ሲሞቅ ድምፁ ይሰባበራል፤ ኖታው ረግቶ መክሰም ሲገባው ድንገት ይቆረጣል። ጀርማኒየም ሙቀት ሲነካው የሚያሾልከው ፍሰት ይጨምራል፣ ሚዛኑም ይዛነፋል። የሁለተኛው ትራንዚስተር ኮሌክተር፣ ማለትም ድምፁ የሚወጣበት እግሩ፣ 4.5 ቮልት አካባቢ፣ ማለትም የባትሪው ግማሽ ላይ መቆም እንዳለበት አውቃለሁ፤ አሁን ከዚያ ርቋል። በውስጡ ያለችውን ትንሽ ማስተካከያ በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ባዞራት ሊመለስ ይችላል። ግን አልነካኋትም። ግማሽ የሚለው የመጽሐፉ ልክ ነው፤ አንተ በጆሮህ የመረጥከው ልክ ሌላ ሊሆን ይችላል። ያንን ድምፅ የምወደው ከግማሹ ትንሽ ፈቀቅ ስላደረግከው ከሆነስ? አንድ ጊዜ ካዞርኳት የቀድሞ ቦታዋን ማን ይነግረኛል?

ስለዚህ ሁለት ነገር ንገረኝ። ስታስተካክለው ኮሌክተሩን ስንት ቮልት ላይ ነበር ያቆምከው? ሣጥኑንስ በስቼ የአዳፕተር ጃክ ላስገባለት፣ ወይስ ሠሪው እንደተወው በባትሪ ይኑር? የጃኩን አካል ፕላስቲክ አደርገዋለሁ፣ ከሣጥኑ ጋር እንዳይነካካ።

ደግሞ... ቀረጻው ላይ አንተ ራስህ ብትገኝና ብታዞራት ማስተካከያዋን፣ ሌላው ሁሉ ይቀራል። አላስገድድህም። መምጣት ካልቻልክ ቁጥሩን ብቻ ላክልኝ። መልስህ እስኪደርሰኝ መሰርሰሪያውን አላነሣም።

የማይረሳህ ወዳጅህ