አመክሮ ያለ ሙሉ እውነት

ክቡር አዘጋጅ፤

የደቡብ አፍሪካ ኮሚዩኒስት ፓርቲ ዋና ጸሐፊ የነበሩትን ክሪስ ሃኒን የገደለው ፖላንዳዊው ስደተኛ ያኑሽ ቫሉሽ ኅዳር 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአመክሮ ከተፈታ ወዲህ፣ ፍርዱን ተቃውመው አደባባይ የወጡትን ሰዎች «ሕግ የማይገባቸው» እያሉ የሚያጣጥሉ አስተያየቶችን ደጋግሜ ሰማሁ። የተቆጡበት ምክንያት ግን ያን ያህል ከሕግ የራቀ ሆኖ አልታየኝም።

ሃኒ ሚያዝያ 2 ቀን 1985 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጋዜጣ ገዝተው ቦክስበርግ ዶውን ፓርክ ወደሚገኘው ቤታቸው ሲመለሱ፣ ከመኪናቸው እንደወረዱ በገዛ ደጃቸው በጥይት ተመቱ፤ የአሥራ አምስት ዓመት ልጃቸው እዚያው ነበረች። የገዳዩን መኪና የሰሌዳ ቁጥር ለፖሊስ የነገረችው ነጭ ጎረቤታቸው ስትሆን፣ ኔልሰን ማንዴላም በቴሌቪዥን ቀርበው የተቆጣውን ሕዝብ ያረጋጉት የእርሷን ተግባር በመጥቀስ ነበር።

ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ኅዳር 12 ቀን እስረኛው እንዲፈታ ሲወስን፣ የፍትሕ ሚኒስትሩ አመክሮውን የከለከሉት በወንጀሉ ክብደት እንደሆነና ያ ደግሞ ዓመታት ቢያልፉም የማይለወጥ ነገር መሆኑን ገልጿል። ይህን እቀበላለሁ። ዳሩ ግን የአፓርታይድ ዘመን ወንጀሎችን የመረመረው የደቡብ አፍሪካ የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን በ1991 ዓ.ም. ለቫሉሽና መሣሪያውን ላቀበለው ለክላይቭ ደርቢ-ሉዊስ ምሕረት የነፈገበት አንዱ ምክንያት እውነቱን ሙሉ በሙሉ አለመናገራቸው ነበር። ደርቢ-ሉዊስ ዛሬ በሕይወት የለም። ከጀርባቸው ሌላ ማን ነበር የሚለው የሟች ባለቤትና የትግል ጓዶቻቸው ጥያቄ ግን እስከ አሁን አልተዘጋም።

የእኛው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 202 የዕድሜ ልክ እስረኛ 20 ዓመት ከታሰረ በኋላ በአመክሮ ሊፈታ እንደሚችል ሲደነግግ፣ ጠባዩን ማረሙን ብቻ ሳይሆን ያደረሰውን ጉዳት በተቻለው መጠን መካሱንም ይጠይቃል። የነፍስ ካሳ ምንድን ነው ለሚለኝ (ጥያቄው ቀላል አይደለም) ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎቻችን ስለ ጉማው (ስለ ደም ካሳው) ከመነጋገራቸው በፊት ገዳዩ ያደረገውን እንዲያምን እንደሚያደርጉ አስታውሰዋለሁ። ቫሉሽ ለቤተሰቡ የይቅርታ ደብዳቤ ጽፎ ነበር፤ ወይዘሮ ሊምፖ ሃኒ አልተቀበሉትም። እውነቱ ተሸሽጓል ብለው የሚያምኑ ሴት ወረቀቱን ቢገፉት አልፈርድባቸውም።

ሰውየው ከተፈታ በኋላ 24 ወር በአመክሮ ቁጥጥር ሥር ቆይቷል፤ ጊዜውም በ2017 ዓ.ም. አብቅቷል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ተጠርቶ ያንኑ የቆየ ጥያቄ ቢጠየቅ ኖሮ፣ ፍርዱን የሚሽር ነገር አይኖረውም ነበር።

አክባሪዎ፣
አንድ የዘወትር አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ