ክትፎ ያለ ቆጮ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስኳር አለብህ ከተባልኩ ስድስት ዓመቴ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ማታ ልጄ ክትፎ ጋበዘችኝ። ለብለብ ነው፤ የቅቤው ኮረሪማ ከሩቅ ያውዳል። ቆጮውን መለስኩና ጎመንና አይብ አስጨመርኩ። በሹካ በላሁ። ከመብላቴ በፊት 118 የነበረው ስኳሬ ሁለት ሰዓት ቆይቼ ስለካ 136 ሆነ። በእንጀራ ስበላ 220 ያለፈበት ቀን አለ።

ሥጋና ቅቤ እንደ እንጀራ ስኳርን ቶሎ ከፍ አያደርጉም። ቅቤው ግን ለልብ ስለማይመች በወር አንዴ ይበቃኛል። ኢንሱሊን የምትወጉ ደግሞ ሐኪም ሳታማክሩ እንጀራውን አትተዉ፤ ስኳር ሲወርድ ሰው ይጥላል።

ምግብ ቤቶች ሆይ፣ «ያለ ቆጮ» ስንል «ታዲያ ምኑን ክትፎ ሆነ?» አትበሉን። ጎመኑን ብቻ ጨምሩልን።

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ