እምቢታ በፊልምና በሕይወት፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፦

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ደህና ነኝ። ይህን የምጽፍልህ ባለፈው ስንጨዋወት «ሴት መጀመሪያ እምቢ ማለቷ ያለ ነው፤ ወንዱ ችክ ካለ ፍቅሩ እውነተኛ መሆኑ ይታወቃል» ያልከኝን በጥሞና ላነሳብህ ፈልጌ ነው። ይህን ከእኔ አልሰማኸውም፤ አብረን ካየናቸው የፍቅር ፊልሞች እንደቀሰምከው እገምታለሁ። ፊልሞቹን አትይ አልልህም፤ እኔም እወዳቸዋለሁ፤ እንባዬን ሳይቀር የምገብርላቸው አሉ።

እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውን «ዘ ኖትቡክ» አስታውስ። ኖህ ገና ያያትን ልጅ ቀጠሮ ስጪኝ ይላታል፤ አልፈልግም ትለዋለች። እርሱም ከሌላ ወንድ ጋር የተሳፈረችበት ትልቅ የመዝናኛ መንኮራኩር ላይ ወጥቶ ይንጠለጠልና እሺ ካላለችው እጁን እንደሚለቅ ያስፈራራታል። በድንጋጤ እሺ ስትለው አይበቃውም፤ ደግማ እንድትለው ያደርጋታል። ወዲያው እርሷ በአጸፋው ሱሪውን ታወልቅበታለች፤ ተመልካቹ ይስቃል፤ ማስፈራሪያውም በሳቁ ውስጥ ተውጦ ይቀራል። ይህ ሁሉ የማያስከፋን ሁለቱ እንደሚዋደዱ ደራሲው አስቀድሞ ስለወሰነና እኛም ያንን አውቀን ስለተቀመጥን ነው። በሕይወት ግን የልጅቱን ልብ አስቀድሞ የጻፈልህ ሰው የለም፤ ያለህ ማስረጃ የነገረችህ ቃል ብቻ ነው።

ይህ አቀራረብ የቆየ ነው። የሆሊውድ ስቱዲዮዎች እ.ኤ.አ. በ1930 የተቀበሉትና ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ የተፈጸመው የሥነ ምግባር ደንብ ፍትወትን በግልጽ ማሳየትን ይከለክል ስለነበር፣ ፊልም ሠሪዎች መፈላለግን በጭቅጭቅ፣ በግብግብና በሚጨልም ስክሪን መግለጥን ተካኑበት። በ1939ኙ «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ሬት በትለር ሚስቱን ስካርሌትን እየታገለችው ተሸክሞ ደረጃውን ይወጣል፤ ስክሪኑ ይጨልማል፤ በማግስቱ ስካርሌት አልጋዋ ላይ ፈገግ ብላ ታንጎራጉራለች። በጨለማው ውስጥ ምን ተባለ? እሺ ብላ ነበር? ፊልሙ ፈገግታዋን አሳይቶ ጥያቄውን ይዘጋዋል። ደንቡ በ1968 ፊልሞችን በተመልካች ዕድሜ በመመደብ ቢተካም ልማዱ አብሮት አልተሻረም። እንደ እኔ አስተያየት ክፋቱ እዚህ ላይ ነው፦ ጨዋ ሴት ፍላጎቷን በአፏ እንድትናገር ስላልተፈቀደላት፣ የወንዱ ጉልበት ተርጓሚዋ ሆኖ ቀረበ።

ሎራ መልቪ የተባሉ ብሪታንያዊት የፊልም ምሁር እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የሆሊውድ ፊልም ተመልካቹን በወንዱ ዓይን እንዲያይ እንደሚያደርገውና ሴቷን ግን መታያ እንደሚያደርጋት አስረድተዋል። እውነታቸውን ነው። ወንዱ ዝናብ ላይ ቆሞ ሲጠብቃት ፊቱን በቅርብ እናያለን፤ እርሷ በመስኮቷ አይታው በሩን ሁለት ጊዜ ቆልፋ እንደሆነ ግን ካሜራው ገብቶ አያይልንም።

እናንተ ወንዶችም ብትሆኑ አልተጠቀማችሁበትም። እምቢታን ሰምቶ በሰላም ወደ ቤቱ የሚሄድ ወንድ በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ወይ ፈሪ ወይ አሰልቺ ተደርጎ ይሳላል፤ ስለዚህ አንድ ጎረምሳ ተከልክሎ ክብሩን ሳያጣ መመለስ እንደሚቻል ከየት ይማራል?

እዚያው «ዘ ኖትቡክ» ውስጥ ግን የልጅቱ እጮኛ ሎን አለ። ልቧ ወደ ኖህ እንደሄደ ሲያውቅ ይናደዳል፤ ኖህን መደብደብም ሆነ መግደል እንደሚችል ይናገራል፤ ነገር ግን የገዛ እጮኛውን አብራው እንድትሆን የሚለማመጥ ሰው መሆን እንደማይፈልግ ነግሯት ምርጫውን ለእርሷ ይተወዋል። ፊልሙ ኖህን እንድንወድለት ብዙ ደክሟል፤ እኔ ግን ለልጄ ብመኝ የምመኘው የሎንን ጠባይ ነው። አንተ በዚህ የማትስማማ ከሆነ ምክንያትህን ጻፍልኝ።

እናትህ