ቤት ውስጥ እየጠፋ ሱቅ ሲደርስ ስለሚሠራ ኮምፒውተር፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ ለውድ ደንበኞቻችን፣

ሰላምታችን ይድረሳችሁ። እናንተንም እኛንም ስለሚያደክም አንድ ብልሽት ልንነግራችሁ ነው። ቤት ውስጥ በቀን ሦስቴ ድርግም የሚል ዴስክቶፕ፣ እኛ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ሳይል ይሠራል። ሐኪም ፊት ሲቀርብ የጥርስ ሕመሙ እንደሚተወው ሰው ማለት ነው። እናንተ «ኧረ ጭራሽ አልነኩትም» ትላላችሁ። እኛም ያላየነውን ብልሽት በግምት እንጠግናለን።

በቅርቡ አንድ ኮምፒውተር ሦስት ጊዜ ተመላለሰብን። ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው የሚይዝበትን ዕቃ) ቀየርን፤ ፓወር ሰፕላይ (ለውስጥ ዕቃዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ሳጥን) ቀየርን። ቤቱ ሲገባ ያው ነው። በመጨረሻ አንዱ ልጃችን ቤት ድረስ ሄደ። ኮምፒውተሩ ከፍሪጅ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ላይ ተሰክቷል። የማከፋፈያው አንዱ ቀዳዳ ላልቷል፤ ዙሪያው ጠቁሯል። ፍሪጁ ሞተሩን ባስነሳ ቁጥር ኮምፒውተሩ ይጠፋል። በአዲስ ማከፋፈያ ነገሩ አለቀ። ያለ ምክንያት የቀየርናቸውን ዕቃዎች ዋጋ መለስን፤ እውነቱን ለመናገር አፍረናል።

ከዚያ ወዲህ ዕቃ ከመንካታችን በፊት የምንጠይቀው ሌላ ነገር ነው። እንዴት ነው የሚጠፋው? ድርግም ብሎ ከጠፋ መጀመሪያ የምንጠረጥረው የኤሌክትሪክ መስመሩን፣ ፓወር ሰፕላዩንና ሙቀትን ነው። ስክሪኑ ደርቆ ከቀረ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ግን ወደ ራም፣ ፋይል ወደሚቀመጥበት ሃርድ ዲስክና ዕቃዎቹን ወደሚያሠራው ፕሮግራም ወደ ድራይቨር እንሄዳለን። ጌም ወይም ቪዲዮ ላይ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ብዙ ጊዜ አቧራ የጠጣ ፋን (ማቀዝቀዣ ማራገቢያ) ወይም የደረቀ ተርማል ፔስት (ከፕሮሰሰሩ ሙቀት የሚያሳልፍ ቅባት) ይገኝበታል። ጠዋት እምቢ ብሎ በሦስተኛው ሙከራ የሚነሳው ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ቆየት ያለ ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ ለጊዜው የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ዕቃዎች) ሲደክሙ ቀዝቃዛ ሆነው መነሳት ያቅታቸዋል፤ ሞቅ ሲሉ ይሠራሉ። ከፓወር ሰፕላዩ የሚወጣው 12 ቮልት የሚባለው መስመር ከ11.4 እስከ 12.6 መሀል መቆየት አለበት፤ ከዚያ ሲወርድ ማሽኑ ይወላገዳል።

ዊንዶውስ መዝገቡ ላይ «ከርነል ፓወር 41» ብሎ ስለጻፈ ፓወር ሰፕላይ ለመግዛት አትሩጡ። ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ ጠፋ ማለት ብቻ ነው።

ቤት ውስጥ መሞከር የምትችሉት አለ። ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉና ራሙን አውጡ፤ ወርቃማ ጥርሱን በነጭ ላጲስ ቀስ ብላችሁ ጠርጉ፤ ፍርፋሪውን አራግፋችሁ «ቀጭ» እስኪል መልሱት። ሁለት ራም ካለ አንዱን ብቻ ሰክታችሁ ጥቂት ቀን ሥሩበት፤ ከዚያ ሌላውን። ሁለቱንም ባንዴ ከቀየራችሁ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል? ሜምቴስት 86 የተባለውን ራም የሚፈትሽ ፕሮግራም ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ሌሊቱን ማሳደርም ይቻላል። አንድ ስህተት እንኳ ካሳየ ያ ራም አይታመንም።

ፓወር ሰፕላዩን ግን በፍጹም አትክፈቱ። ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ኤሌክትሪክ ይቀራል። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ፎቶና ሰነዳችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ። «ፎርማት ይደረግ» (ዲስኩ ተጠርጎ እንደ አዲስ ይጫን) የሚለውን ምክር ለጊዜው አቆዩት፤ የላላ ገመድ በፎርማት አይጠብቅም።

ከእንግዲህ ስትመጡ የኤሌክትሪክ ገመዱንና ማከፋፈያውን አብራችሁ አምጡልን። የጠፋበትን ሰዓትና ያን ጊዜ ምን እየሠራችሁ እንደነበር በወረቀት ጻፉልን፤ ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ከወጣ በስልክ ፎቶ አንሱት። እኛም ብልሽቱን በዓይናችን ሳናይ ዕቃ አንቀይርም። ስለዚህ ማሽኑ ሁለት ሦስት ቀን ሊቆይብን ይችላል፤ ታገሡን።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥገና ክፍሉ