ከእግር የወጣ ብረት አንቀበልም፤ ክራንች ግን አምጡልን

ባለፈው ቅዳሜ፣ አጥንቱ ለተሰበረ ጎረቤት ብረት መግዣ የምናሰባስበውን መዋጮ ለመቀበል ቱሉ ዲምቱ በሚገኘው የእድራችን ቤት ደጃፍ ተቀምጬ መዝገብ ስሞላ፣ በዕድሜ የገፉ አንዲት ጎረቤታችን መጡና በነጭ መሐረብ የተቋጠረ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። «ወንድሜ፣ ለዚያ ለብረቱ ጉዳይ ይሁናችሁ» አሉኝ። ስፈታው ሰባት ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ ብረትና ስድስት ብሎኖች አገኘሁ። ከዓመታት በፊት ቅልጥማቸው ተሰብሮ የገባላቸው፣ አጥንቱ ከያዘ በኋላም የወጣላቸው ብረት ነው። በሳሙና አጥበው፣ በፈላ ውሃ ቀቅለው፣ አድርቀው ነው ያመጡልን።

ሠላሳ ዓመት ቶርኖ ላይ የቆምኩ ሰው ነኝና ብሎን ሳይ እጄ አያርፍም። አንዱን አንስቼ በካሊፐር ለካሁት፤ ውፍረቱ 4.5 ሚሊ ሜትር ነው። ጥርሱ እንደ ማሽን ብሎን የተጠጋጋ አይደለም፤ እንደ እንጨት ብሎንም አልተራራቀም። ለአጥንት ተብሎ የተቆረጠ ጥርስ ነው። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ በሙያ ዘመኔ ብዙ አላየሁም።

ቢሆንም መለስኩላቸው። ሽቦ ደጋግሞ ያጠፈ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል፤ መጀመሪያ ምንም የማይመስለው ሽቦ ድንገት ይሰበራል። እግር ውስጥ ያለ ብረትም በእያንዳንዱ እርምጃ ለዓይን በማይታይ መጠን ይታጠፋል። አጥንቱ ቀድሞ ከያዘ ብረቱ ይገላገላል፤ አጥንቱ ከዘገየ ግን ብረቱ ደክሞ ይሰበራል። አንድ ሰው የተራመደበት ብረት ከዕድሜው ምን ያህሉን እንደጨረሰ በዓይን አይታወቅም፤ ስለዚህ ለሌላ ሰው አይገባም። እርሳቸውም ነገሩን ሰምተው ብረታቸውን መልሰው ቋጠሩ፤ ከዚያው መሐረብ ጥግ ሌላ ትንሽ ቋጠሮ ፈቱና የዚህ መዋጮ የመጀመሪያው ደረሰኝ በስማቸው ተቆረጠ።

እንግዲህ የዚህ ጥሪ ጉዳይ ይኸው ነው። አጥንቱ ለተሰበረ ጎረቤት፣ ሐኪም ያዘዘውን ብረት በዕለቱ መግዛት የሚችል የጋራ ገንዘብ እያሰባሰብን ነው።

ለምን አሁን? ሰፈራችንን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ የአዳማው ፈጣን መንገድ መግቢያ ደጃችን ላይ ነው። የጭነት መኪናው፣ ባጃጁና እግረኛው በአንድ አስፋልት ይጋፋሉ። በሌላ በኩል ሕንፃ የማይሠራበት ቦታ የለም፤ ልጆቻችን በባሕር ዛፍ አጣና ላይ ቆመው ይውላሉ።

ባለፈው ክረምት አንዱ ከዚያ አጣና ላይ ወደቀ። የጭኑ አጥንት መሐል ለመሐል ተሰበረ። ሆስፒታል ወሰድነው፤ በዚያው ሌሊት አልጋ አገኘ፤ ይህን አልክድም። ከጉልበቱ በታች አጥንቱን አቋርጦ የሚያልፍ ቀጭን ብረት አስገቡለትና በገመድ ክብደት አንጠለጠሉበት። የጭን ጡንቻ ጉልበተኛ ነው፤ የተሰበረውን አጥንት ጫፎች ስቦ ያነባብራቸዋል፤ ክብደቱ ያንን ይከላከላል። መጠኑ ከታማሚው ክብደት አንድ አሥረኛ ያህል ነው ተባልን። ለእርሱ የተንጠለጠሉለት ባለ ሁለት ሊትር የውሃ ፕላስቲኮች ነበሩ፤ ሦስት፣ እስከ አፋቸው የተሞሉ።

ይህ አጥንቱን አጥብቆ የሚይዘው ዋናው ብረት እስኪገባ ድረስ ለጥቂት ቀናት የታሰበ ነበር። ብረቱ ግን ሆስፒታሉ ውስጥ አልነበረምና ከውጭ እንዲገዛ ታዘዘ። እናቱ እንጀራ ጋግረው የሚያድሩ ሴት ናቸው። አጎቱ ገጠር በሬ ሸጦ እስኪመጣ ሃያ ሦስት ቀን ሞላ። አጥንት ደግሞ የሰው ገንዘብ እስኪሞላ አይጠብቅም፤ ሦስት ሳምንት አካባቢ ሲሆን ባለበት ሁኔታ፣ ቢጣመምም ቢነባበርም፣ በራሱ ጊዜ መያያዝ ይጀምራል። ሐኪሙ የተያያዘውን እንደገና አላቅቆ ማስተካከል ነበረበት። ቀዶ ጥገናው ረዘመ፤ ደምም ተጨመረለት። ተኝቶ በመክረሙ ጀርባው ላይ የወጣው ቁስል የዳነው ከእግሩ በኋላ ነው።

በእነዚያ ሃያ ሦስት ቀናት እኛ ምን አደረግን? ተራ ገብተን ጠየቅነው፤ ብርቱካን ወሰድንለት። እውነቱን ልናገርና ልጁ ሞቶ ቢሆን ኖሮ ድንኳኑ በሰዓቱ ይተከል፣ ወንበሩና ብረት ድስቱ ይወጣ፣ ገንዘቡም በሳምንቱ ለእናቱ ይቆጠር ነበር። በሕይወት ስለነበረ ግን የመተዳደሪያ ደንባችን ለእርሱ የሚሆን አንቀጽ አልነበረውም። ገንዘብ ያዡ እኔ ነኝ፤ ሣጥኑ ውስጥ ገንዘብ እንደነበረም አውቃለሁ። በጠቅላላ ጉባኤያችን አንቀጹን ያስገባነው ከዚህ በኋላ ነው።

ስለ ወጌሻ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። የሰፈራችንን ወጌሻ አከብራቸዋለሁ፤ ወለምታዬን ስንት ጊዜ አሽተው አድነውኛል። የተሰበረ አጥንት ግን ራጅ ይፈልጋል። በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ እጅ ወይም እግር ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ እስከ ነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ተፈትቶ ሆስፒታል መድረስ አለበት። በማሰሪያ ምክንያት ደም ተቋርጦበት የተቆረጠ እጅ በዓይኔ አይቻለሁ።

ወጣቶቹ ደግሞ «ጋሼ፣ አንተ ቶርኖ ሠሪ አይደለህም እንዴ፣ ለምን እዚሁ አትቀርጸውም?» ይሉኛል። ቅርጹን ላወጣው እችል ይሆናል፤ ችግሩ ብረቱ ነው። የሰው ሰውነት ጨዋማ ውሃ ነው፤ ተራ ብረት ውስጡ ይዝጋል። ብሪታንያዊው ሐኪም አርበትኖት ሌን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አጥንትን በብረት ሰሌዳና በብሎን ማሰር ሲጀምር ያስቸገረው አንዱ ነገር ይኸው ዝገት ነበር። ዛሬ የሚሠራበት 316ኤል የሚባለው የማይዝግ ብረት ክሮሚየም፣ ኒኬልና ሞሊብዲነም ያለበት፣ ካርቦኑም ከ0.03 በመቶ እንዳይበልጥ ተደርጎ የተመረተ ነው፤ አለዚያም ቲታኒየም ነው። ሁለቱን አንድ እግር ውስጥ ማቀላቀልም አይመከርም፤ ሁለት ዓይነት ብረት በጨው ውሃ ውስጥ ሲነካካ አንዱ ሌላውን ይበላዋል። ይህን ቃሊቲ ካለ ብረት መሸጫ ገዝቶ መሥራት አይቻልም።

ስለዚህ ዕቃው ከውጭ በዶላር ነው የሚገባው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ። የአንዱን ብረት ዋጋ እዚህ ያልጻፍኩትም ለዚህ ነው፤ እናንተ እስክታነቡት ድረስ ሊለወጥ ይችላል።

የጭንና የቅልጥም አጥንት ብዙውን ጊዜ የሚጠገነው በአጥንቱ መቅኔ ውስጥ በሚገባ ረጅም ዘንግ ነው። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1939 ጀርመን አገር ኪል ከተማ የጀመረው ጌርሃርድ ኩንቸር ነው። የሌሎች አገሮች ሐኪሞች ስለ ዘዴው የሰሙት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተማርከው የነበሩ ወታደሮች ጭናቸው ውስጥ ዘንግ ይዘው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ አሜሪካዊው ሐኪም ሉዊስ ዘርክል ሳይን የተባለውን ድርጅት መሠረተ። የእርሱ ዘንግ ቀዶ ጥገናው እየተካሄደ የሚያሳይ የራጅ ማሽን በሌለበትም እንዲገባ የተሠራ ነው፤ የብሎኖቹ ቀዳዳ የሚገኘው ከውጭ በሚገጠም መምሪያ ክንድ ነው። ለሆስፒታሎች በእርዳታ ይሰጣል፤ በእኛም አገር ይሠራበታል። ሆስፒታሉ የእያንዳንዱን ታማሚ ራጅና ሪፖርት ሲልክ በተጠቀመበት ምትክ ሌላ ይላክለታል። ይህ አሠራር እጅግ ደስ አሰኝቶኛል፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። ነገር ግን ይህ ዘንግ ለረጃጅም አጥንቶች ነው። ቁርጭምጭሚቱ ወይም ክርኑ የተሰበረ ሰው ሰሌዳና ብሎን ያስፈልገዋል፤ የሚጎድለውም እርሱ ነው።

አንዳንድ አባላት ብረቱን ቀድመን ገዝተን እናስቀምጥ ብለው ነበር። ተከራክሬ አስጥያቸዋለሁ። ርዝመቱና ውፍረቱ የሚታወቀው ራጅ ከተነሣ በኋላ ነው፤ የገዛነው ባይሆን ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀራል። ደግሞም የሕክምና ዕቃ ማከማቸት ፈቃድ ይጠይቃል። የምናስቀምጠው ገንዘብ ብቻ ነው። ሐኪሙ ሲያዝ ከሦስቱ ፈራሚዎች ሁለቱ ይፈርማሉ፤ ክፍያው በቀጥታ ፈቃድ ላለው አስመጪ ይፈጸማል፤ በታማሚው ቤተሰብ እጅ ገንዘብ አይገባም። ድኖ ሥራ የጀመረ በአቅሙ ያለ ወለድ ይመልሳል፤ ያልቻለ አይጠየቅም። የእድሩ አባል ያልሆነ ተከራይና የቀን ሠራተኛም ተካቷል፤ ከአጣና ላይ የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ እርሱ ነውና። ከላይ የጠቀስኩትን አሠራር የወሰድነውም እዚህ ላይ ነው፤ የአንዱ ደረሰኝ በእድሩ ቤት የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሳይለጠፍ የሚቀጥለው ክፍያ አይወጣም። የታማሚው ስም ተሸፍኖ ይለጠፋል።

የምንጠይቃችሁ ይህን ነው። አባላት ከወርሃዊ መዋጮአችሁ ላይ ሃምሳ ብር ጨምሩ፤ ይህ በጉባኤ የተወሰነ ነው። አባል ያልሆናችሁ፣ የሰፈሩ ባለ ሱቆች፣ የባጃጅ ማኅበራትና በውጭ አገር ያላችሁ ልጆቻችን የፈቀዳችሁትን። በተለይ ሕንፃ የምታሠሩ ወገኖቻችን፣ የሥራ መከላከያ ቆብና የደኅንነት ቀበቶ ግዙ ብላችሁ ብትቆጡን ቅር አንሰኝም፤ እኛም ያንኑ እንላችኋለንና። የባንክ ሒሳቡ ቁጥር በእድሩ ቤት በር ላይ በማኅተም ተለጥፏል፤ ሩቅ ያላችሁ በምታውቁት አባል በኩል አስነብቡት። በቴሌግራም የሚዘዋወር ሌላ ቁጥር ካያችሁ የእኛ አይደለም።

ገንዘብ የሌለው ሰው አልጋ ሥር የተረሳ ክራንች ይኖረዋል። እርሱን አምጡልን፤ ለታመመ እናውሳለን፣ ሲድን እንቀበላለን። እስካሁን አራት ጥንድ ደርሶናል፤ ሁለቱ ግን ጫፋቸው ላይ ጎማ የላቸውም። የኮንዶሚኒየም ደረጃ በክረምት እርጥብ ስለሆነ ያለ ጎማ ለማንም አልሰጥም። እሑድ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ እድሩ ቤት አለሁ፤ ጎማውን አትርሱ።