ጉዳዩ፦ ሳይሠራ ስለተከፈለበት የትሮትል ቦዲ ማስተካከያ

ለጋራዡ ሥራ አስኪያጅ

ጤና ይስጥልኝ።

የመኪናዬን ታሪክ አልደግምም፤ ፋይሉ እናንተው ጋ ነው። የምጽፈው ትናንት በስልክ ስለተባልኩት ነው።

ትሮትል ቦዲው፣ ማለትም ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር በክዳኑ የሚመጥነው ዕቃ፣ ከመቀየሩ በፊት የጥገና ኃላፊያችሁ «ከገጠምነው በኋላ በኮምፒውተር እናስለምደዋለን፣ ሳናስለምደው አናስረክብዎትም» ብሎኝ ነበር፤ ማስለመድ ማለት የመኪናው ኮምፒውተር የአዲሱን ዕቃ ልክ እንዲያውቅ ማድረግ ነው። ደረሰኙ ላይም ሥራው ለብቻው ተጽፎ ተከፍሎበታል። እንግዲህ መኪናውን ተረክቤ ስወጣ ሞተሩ ሞቆ እያለ ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት፣ በደቂቃ 1,800 ዙር ላይ ቆሞ ቀረ። ድሮ ከ800 አያልፍም ነበር። እግሬን ከነዳጅ መስጫው ባነሳም መኪናው ወደፊት ይጎትታል።

ወደ እናንተ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ሰው «ይንዱት፣ በራሱ ይለምዳል» አለኝ። የማስለመጃው ማሽን መኪናው ላይ ተሰክቶ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለ። ቆይቶ «ማሽኑ ያን ቀን ሌላ ቅርንጫፍ ነበር» አለ። ታዲያ የከፈልኩት ለምኑ ነው? ስለው፣ «አንተም ኢንተርኔት አንብበህ መካኒክ ሆንክ?» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። አንቱታውም እዚያው ላይ አለቀ።

እርግጥ በራሱ የሚለምድ መኪና አለ። የእኔ ግን የጥገና መመሪያው በማሽን ይደረግ ይላል። ምክንያቱም ግልጽ ነው። አሮጌው ትሮትል ጥላሸት ይዞ ስለነበር ኮምፒውተሩ ክዳኑን ትንሽ ከፈት አድርጎ መያዝ ለምዷል። አዲሱን ንጹሕ ትሮትል በዚያው ልክ ሲከፍተው አየር ይበዛል፣ ሞተሩም ይጮኻል። ይህን ለእናንተ ማስረዳት ያለብኝ እኔ ነበርኩ?

ሌላ ቦታ ወስጄ ሳስመረምረው ፒ0507 የሚል የብልሽት ኮድ ወጣ፤ ሚኒሞ ከልክ በላይ ነው ማለት ነው። እናንተ ጋ ያመጣኝ ፒ2135 ነበር፤ የትሮትሉ ሴንሰሮች ንባብ አልተጣጣመም ማለት ነው። አንዱን አስለቅቄ ሌላ ገዝቼ ተመለስኩ ማለት ነው። መካኒኩ ሲፈታው ደግሞ ጓርኒሲዮኑ፣ ማለትም በመጋጠሚያው መሃል የሚገባው ማሸጊያ፣ አሮጌው ሆኖ ተገኘ። ደርቋል፣ አንድ ጥጉ ተቆርሷል፤ በዚያም በኩል አየር ይገባል። የአየር ቱቦው ማሰሪያ በጣት ይዞራል።

ከጀመርኩ አይቀር፣ የወለቀውን ዕቃ አሳዩኝ ስል «ተጥሏል» ተብያለሁ። «እንደውላለን» ብሎ የደወለ ሰው የለም። መቀመጫዬ ላይ የታተመው የግሪስ እጅም እስካሁን አልለቀቀም።

ጥያቄዬ መጀመሪያ ቀላል ነበር፦ ማሽኑን ሰክታችሁ ሥራውን ጨርሱ። አሁን ግን ያልሠራችሁት ሥራ ገንዘብ ይመለስልኝ። ጓርኒሲዮኑ በአዲስ ይቀየር። ሌላ ቦታ ለምርመራ ያወጣሁትም ይከፈለኝ። ስልኩን የዘጋብኝ ሰው ራሱ ደውሎ ይቅርታ ይጠይቀኝ። እስከ ዓርብ መልስ ካልሰጣችሁኝ ደረሰኙን ይዤ የሸማቾችን አቤቱታ ወደሚያየው መሥሪያ ቤት እሄዳለሁ።

ማስተካከያው ሲሠራም አጠገቡ ቆሜ የማሽኑን ስክሪን አያለሁ። «ማረፊያ ክፍል ሆነው ይጠብቁ» የምትለዋን ለዛሬ ተዉልኝ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ